እግር ከተቆረጠ በኋላ፦ ሰው ሠራሽ እግር እስኪገጠም ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

እግሩ የተቆረጠ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ነው። ቁስሉ ደርቆ ሰው ሠራሽ እግር እስኪለካ ያሉትን ሳምንታትና ወራት እንዴት እንደሚያሳልፍ በአማርኛ ተጽፎ የሚሰጠው ነገር እምብዛም የለም። ቤተሰብ ደግሞ ከፍቅሩ የተነሣ «ይረፍ፣ አትነካኩት» ይላል። ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደረግለታል፣ ምግቡ አልጋው ድረስ ይመጣለታል፣ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። ወሩ ደርሶ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ማዕከል ሲሄድ ጉልበቱ አልዘረጋ ይላል፤ ቀሪው እግርም አብጦ ልኬት አይያዝም። ያኔ «ተመለሱና ሌላ ጊዜ ኑ» ይባላል።

ይህ እንዳይሆን ነው ይህን የምጽፈው። ሰው ሠራሽ እግር የሚያራምደው ከመገጠሙ በፊት ቤት ውስጥ በተሠራው ሥራ ልክ ነው። ሥራው ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ሁለት ባንዴጅ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ጠንካራ ወንበርና በየቀኑ የማይቋረጥ ትጋት ይበቃል። ከዚህ በታች «ቀሪው እግር» የምለው ሐኪሞች ስታምፕ የሚሉትን ነው።

1. ከሆስፒታል ሳይወጡ

አንድ ደብተር ይግዙ። ታማሚው በሕመምና በመድኃኒት ስለሚደክም ደብተሩን አስታማሚው ቢይዘው ይሻላል። ሐኪሞቹ ለዙር ሲመጡ እነዚህን ጠይቀው መልሱን ይጻፉ፦ ስፌቱ መቼ ይወጣል? ባንዴጅ ማሰር መቼ እንጀምር? የደም ዝውውር ችግር ስላለ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይከለከላል? የሚወስደው መድኃኒት እስከ መቼ ነው? ወደ አካል ተሃድሶ ማዕከል ሪፈር የሚጽፍልን ማን ነው?

ቀጥሎ ነርሱን ወይም ፊዚዮቴራፒስቱን (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያውን) አስፈቅደው የባንዴጁን አስተሳሰር በስልክ ይቅረጹ። ቀረጻው ብቻውን ግን አያስተምርም። ቤት ውስጥ የሚያስረው ሰው፣ ባለቤትም ትሁን ልጅ፣ ባለሙያው ፊት አንድ ጊዜ በገዛ እጁ አስሮ ይታረም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እግራቸው ለተቆረጠ ሰዎች ያዘጋጀው በሥዕል የተደገፈ የእንቅስቃሴ መጽሐፍ ደግሞ በነፃ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሥዕሎቹ ለማንም ግልጽ ናቸው፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ለእርስዎ የሚስማሙትን ምልክት እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ።

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ከአዲስ አበባ ሌላ በመናገሻ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በአርባ ምንጭ፣ በአሰላ፣ በነቀምቴና በጋምቤላ ተቋቁመዋል። ጥሬ ዕቃ የሚያልቅበትና ወረፋ የሚበዛበት ጊዜ ስላለ ከገጠር ተነሥተው ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ።

2. ቤቱን ማሰናዳት

ታማሚው ከመምጣቱ በፊት አልጋውን ይዩ። መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ ወይም ከዝቅተኛ መደብ በአንድ እግር መነሣት ከባድ ነው፤ ከፍታው ከጉልበት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ፍራሹ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ ያድርጉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ የተቆረጠው እግር ያለ ስለሚመስለው እንደ ድሮው ተነሥቶ ሊረግጥ ይሞክራል፤ ይወድቅና ያልደረቀው ስፌት ይከፈታል። ስለዚህ እግሩ በተቆረጠበት ጎን አልጋውን አስጠግተው አንድ ወንበር ያቁሙ፤ ሊነሣ ሲል እጁ ወንበሩን ሲነካ ያስታውሳል። ክራንቹ በሌላው ጎን እጁ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ለሌሊት ሽንት የሚሆን ዕቃ አልጋው ሥር ያድርጉ። ትንንሽ ምንጣፎችን ያንሱ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ያዙሩት።

መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚሉበት ዓይነት ከሆነ ጠንካራ ወንበር ይፈልጉና አናጺ መቀመጫውን ክብ አድርጎ እንዲቀድልዎ ያድርጉ፤ ጉድጓዱ ላይ ያስቀምጡታል። ግድግዳው ላይ የሚያዝ እንጨት ወይም ብረት ይመታ። ሰውነት ሲታጠብም እንደዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሁን፤ በሳሙና በረጠበ ሲሚንቶ ላይ በአንድ እግር አይቆምም።

3. አቀማመጥና አተኛኘት

ከሁሉም በላይ በዚህ ክፍል ላይ ጊዜ ይስጡ፤ ከቤት የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ከዚህ ነውና።

ጡንቻ በታጠፈበት ሁኔታ ለሳምንታት ከቆየ ያጥርና በዚያው ይቀራል። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ደግሞ ጭኑ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሳባል። አንዴ ከደረቀ ማስለቀቅ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይለቅም። የማይዘረጋ ጉልበት ላይ የተሠራ እግር ደግሞ አያስኬድም።

ስለዚህ ሲተኛ ከጉልበቱም ከጭኑም ሥር ትራስ አይደረግ። በጭኖቹ መካከልም ትራስ አይግባ። ለጊዜው ምቾት እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ታማሚው ራሱ «ትራስ አምጡልኝ» ብሎ ይለምናል። እናት ልቧ አይችልም። ግን አይስጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእብጠት ከፍ ይደረግ ከተባለ የአልጋውን የእግርጌ እግሮች በጡብ ከፍ ያድርጉ፤ ያኔ እግሩ ሳይታጠፍ ከፍ ይላል።

ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከጉልበት በታች የተቆረጠው እግር ተንጠልጥሎ አይቆይ። ከመቀመጫው እስከ ቀሪው እግር ጫፍ የሚደርስ ጣውላ ጨርቅ ጠቅልለው ከሥሩ ያድርጉለትና ዘርግቶ ያሳርፈው። ቀሪውን እግር በክራንቹ መያዣ ላይ ሰቅሎ መቆምም ጉልበትን የሚያደርቅ ልማድ ነው።

በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ በሆድ መተኛት ያስፈልጋል። ፊት ወደ ጤናው እግር ይዙር፣ ጭኖቹ ገጥመው ቀጥ ይበሉ። ይህ የጭንን ፊት የሚዘረጋ ቀላሉ መንገድ ነው። የልብ ወይም የትንፋሽ ችግር ያለበት ሰው በሆዱ መተኛት ካልቻለ በጀርባው ይተኛና ጤናውን ጉልበት ወደ ደረቱ ስቦ ቀሪውን እግር አልጋው ላይ ጫን አድርጎ ይያዝ።

ጠያቂ ሲበዛ ይህ ሁሉ ይረሳል። እንግዳ ሲገባ በሆድ መተኛት ነውር ይመስላል፤ ቡና ሲፈላም በርጩማ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። ቡናው ይፈላ፣ ሰውም ይምጣ፤ መቀመጫው ግን ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። በሆድ የሚተኛበት ሰዓት ሲደርስ ጠያቂዎቹ ባሉበት ይዙር። ወዳጆቹ ናቸው፣ ይረዱታል።

4. ባንዴጅ አስተሳሰር

ባንዴጅ የሚታሰረው እብጠቱ እንዲቀንስና ቀሪው እግር ጫፉ ቀጠን ብሎ ሶኬት (ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ክፍል) ውስጥ የሚገባ ቅርጽ እንዲይዝ ነው። የሚለጠጠውን ዓይነት ይግዙ፤ ከጉልበት በታች ለሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከጉልበት በላይ ለሆነ 15 ሴንቲ ሜትር። አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲታሰር ሁለት ያስፈልግዎታል። ሐኪሙ «ጀምሩ» ሳይል አይጀምሩ፤ የደም ዝውውር ችግር ካለ ደግሞ የመጠበቁን ልክ እሱ ይወስን።

ከጉልበት በታች እንዲህ ይታሰራል። ጉልበቱ ተዘርግቶ ይቀመጥ። የባንዴጁን ጫፍ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት ይያዙና በሰያፍ ወደ ታች ያውርዱት። የቀሪውን እግር ጫፍ አንዱን ጥግ ሸፍነው በኋላ በኩል በሰያፍ ወደ ላይ ያውጡት። በጉልበቱ ሥር አዙረው እንደገና በሰያፍ ያውርዱና ሌላውን ጥግ ይሸፍኑ። ዙሮቹ ፊት ለፊትም ከኋላም ሲተላለፉ የኤክስ ምልክት መሥራት አለባቸው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እያላሉ ይሂዱ። መጨረሻ ላይ ከጉልበት በላይ አንድ ዙር አሳልፈው በፕላስተር ይለጥፉት። መርፌ ቁልፍም ሆነ ባንዴጁ ላይ የሚመጣው ብረት አይሁን፤ ስሜቱ በቀነሰ ቆዳ ላይ ሳያስታውቅ ይቧጥጣል።

ቀጥ ባለ ክብ ዙር መጠቅለል ክልክል ነው። ላይኛው ዙር ከታችኛው ከጠበቀ ደሙ ወርዶ መመለሻ ያጣል፤ ጫፉ እንደ ፊኛ ያብጣል፣ ቆዳውም ይጠቁራል። ካሰሩ በኋላ 10 ደቂቃ ቆይተው ይጠይቁ። ልብ ምት የሚመስል ትርታ፣ መደንዘዝ ወይም የሚያቃጥል ሕመም ካለ ፈትተው እንደገና ይሰሩ። የሚለጠጥ ባንዴጅ እየላላ ስለሚሄድ በየ4 ሰዓቱ ያህል ፈትቶ ማሰር ይገባል። ለመታጠቢያ ጊዜ ካልሆነ በቀር ሌሊትም አይፈታም።

ከጉልበት በላይ ለሆነ አስተሳሰሩ ከወገብ ጋር ይያያዛል፤ አለበለዚያ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሁለት ሰው ይፈልጋል። በጭኑ ውስጠኛ ክፍል እስከ ብሽሽት ድረስ ያለው ሥጋ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ውጭ የቀረው ሥጋ ተቋጥሮ ኋላ የሶኬቱ ጠርዝ ያቆስለዋል።

ባንዴጁን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ ሳይጠመዝዙ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁ። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ተወጥሮ መለጠጡን ያጣል።

5. መታጠብ፣ ማየት፣ መንካት

ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ቀሪው እግር በየማታው ይታጠባል። ማታ መሆኑ ምክንያት አለው፤ ጠዋት የተዘፈዘፈ ቆዳ ያብጥና ሶኬት ውስጥ ይፈገፈጋል። ለብ ያለ ውኃና ሽታ የማይበዛበት ሳሙና ይበቃል። አልኮል አይቀባም፣ ቆዳውን ያደርቀዋል። ባልተዘጋ ቁስል ላይ ቅቤም ቅጠልም አይደረግ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ቁስሉ እስኪዘጋ በመጠጣትና ሌላውን ሰውነት በመረጨት ቢቆይ፣ የታዘዘለትን መድኃኒትም ባያቋርጥ እለምናለሁ።

ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ፤ መፈግፈግ የለም። ከዚያ ትንሽ የእጅ መስታወት ይዞ ጫፉንና ኋላውን ራሱ ይይ። ይህን ለሌላ ሰው መተው ይቀላል፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊያየው አይፈልግም። አይግፉት፣ ግን አይተዉትም። ዛሬ በጨርቅ ላይ ይንካው፣ ነገ ፊቱን አዙሮ ይታጠብ፣ ከዚያ ይይ።

ጠባሳው ሲጠነክር በጣት ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ቆዳው ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር እንዳይጣበቅ ይረዳል። ንክኪ የሚያስበረግገው ከሆነ በጥጥ ይጀምሩ፣ ቀጥሎ በነጠላ፣ ቀጥሎ በጋቢ፣ በመጨረሻ በሻካራ ፎጣ በቀን ጥቂት ደቂቃ ያሻሹት።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፦ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ትኩሳት፣ የቆዳው መጥቆር፣ የተከፈተ ስፌት።

6. የሌለው እግር ሲያም

የተቆረጠው እግር ጣት ሲያሳክክ፣ ተረከዙ ሲያቃጥል፣ ውስጥ እግሩ በቢላዋ ሲወጋ ይሰማል። ብዙ ሰው «አበድኩ ይሉኛል» ብሎ ይደብቀዋል። እብደት አይደለም፣ የማንም እጅም የለበትም። የተቆረጡት ነርቮችና አንጎል ውስጥ ያለው የእግሩ ቦታ አሁንም መልእክት ስለሚለዋወጡ የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከጊዜ ጋር እየሳሳ ይሄዳል።

ሲነሣ ቀሪውን እግር በመዳፍ መታ መታ ማድረግ፣ ማሸት ወይም ባንዴጁን እንደገና ማሰር ያቀለዋል። ከዚያ ውጭ የመስታወቱ ዘዴ አለ። ረዘም ያለ መስታወት በሁለቱ እግሮች መካከል ያቁሙ፣ ፊቱ ወደ ጤናው እግር ይሁን፤ ቀሪው እግር ከኋላው ይደበቅ። ታማሚው መስታወቱን ሲያይ ሁለት እግር ያለው ይመስለዋል። ጤናውን እግር ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስ፣ ጣቶቹን ይዘርጋ፣ ቁርጭምጭሚቱን ያዙር፣ መስታወቱን እያየ ሌላውም አብሮ እንደሚንቀሳቀስ ያስብ። በቀን 15 ደቂቃ ያህል ለሳምንታት ይሞከራል። በመጀመሪያው ቀን እንባ የሚመጣበት ሰው አለ፤ ያኔ ማቆምና ሌላ ቀን መሞከር ነው። እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ከሆነ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ስላሉ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ተራ ማስታገሻ ላይ ማስታገሻ እየጨመሩ አይቆዩ።

7. ጡንቻን ማጠንከርና ክራንች

በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ፍራሹ ጫን ማድረግ፣ ቀሪውን እግር ዘርግቶ ወደ ላይ ማንሣት፣ በጎን ተኝቶ ወደ ላይ ማንሣት፣ በሆድ ተኝቶ ወደ ኋላ ማንሣት። እያንዳንዱን 5 ሰከንድ ይዞ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ክንድም ይሠራ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እጅ ገፍቶ መቀመጫን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ክራንች ሲለካ ከብብት ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር፣ ክርኑም ትንሽ ይታጠፍ። ክብደቱ የሚያርፈው በመዳፍ ላይ ነው። ብብት ላይ መንጠልጠል ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ያደነዝዛል። ደረጃ ሲወጣ ጤናው እግር ይቅደም፣ ክራንቹ ይከተል፤ ሲወርድ ክራንቹ ይቅደም። የጫፉ ጎማ ካለቀ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፣ በተለይ ክረምት ሲገባ።

8. ጤናው እግር

እግሩ የተቆረጠው በስኳር ምክንያት ከሆነ ሁለተኛው እግርም አደጋ ላይ ነው፤ አሁን ደግሞ የሁለቱን ሸክም ተሸክሟል። በየማታው በጣቶቹ መካከልና ተረከዙ ሥር ይታይ። ባዶ እግር በቤት ውስጥም አይሄድ። ጫማ ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጅ ይፈትሽ፣ ጠጠር ገብቶ ሳይሰማው ሊያቆስለው ይችላል። የውኃውን ሙቀት በእግሩ አይሞክር፣ በክርኑ ይሞክር ወይም ሌላ ሰው ይንካለት። ምድጃ ወይም ከሰል አጠገብ እግር ማሞቅ ይቅር። ትንሽም ብትሆን ቁስል ከታየች ጤና ጣቢያ፣ ያንኑ ቀን።

9. ማዕከሉ ውስጥና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ባለሙያው በጄሶ ልኬት ይወስዳል፤ ከዚያ ሶኬቱ ይሠራል፣ ይሞከራል፣ የእግሩ አቋቋም ይስተካከላል። በአገራችን ማዕከላት በብዛት የሚሠራው ቀይ መስቀል ባስፋፋው ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠንካራ፣ በዋጋ ቀለል ያለና እዚሁ የሚጠገን ነው። ለልኬት ሲሄዱ በየቀኑ የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ይሂዱ። ሲያም ደግሞ ዝም አይበሉ፤ «ባለሙያውን ላለማስቸገር» ብሎ የተቀበሉት ሶኬት በሳምንቱ ቤት ጥግ ይቆማል።

በመጀመሪያው ቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይለበስ። ያውልቁ፣ ቆዳውን ይዩ። ሶኬቱ የነካቸው ቦታዎች መቅላታቸው ያለ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ግን ቦታው እየተጫነ ነውና ማዕከሉ ያስተካክለው። ደህና ከሆነ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ቀሪው እግር በመጀመሪያው ዓመት እየከሳ ስለሚሄድ ሶኬቱ ይሰፋል። ሲራመዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ አንድ ካልሲ ይጨምሩ፤ ካልሲው እየበዛ ከሄደ ሶኬቱ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። ካልሲው በየቀኑ ይታጠብ፣ ሲለበስ እጥፋት አይኑረው። እግሩን ከእሳትና ከምጣድ ያርቁ።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ላክል። ሰው ሠራሽ እግሩ የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ልክ ነው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ይወርድና ሰውየውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቅዳሴ ላይ ድንገት የሚወድቁት ለዚህ ነው። ይህን ለባለሙያው ቀድመው ይንገሩትና ካልሲ ውስጥ ተረከዙ ሥር የሚገባ ከጫማው ጋር እኩል ቁራጭ ያዘጋጅልዎ። እስኪለምዱት ግድግዳ ይጠጉ፣ መቋሚያ ይያዙ፣ ወይም ይቀመጡ።

ለልጅ ከሆነ በየ6 ወሩ መታየት አለበት፤ ልጅ ያድጋል፣ የቀሪው እግር አጥንትም ቆዳውን እየገፋ ሊያድግ ይችላል።

10. ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች

«እግር እንላክለት» የሚል ስልክ ብዙ ቤት ይደወላል። ሶኬት በአንድ ሰው ቀሪ እግር ልክ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ሰው ላይ አይሆንም። ከዚያ የሚላኩት ክፍሎችም እዚህ ካለው ሥርዓት ጋር ላይገጥሙ፣ ሲሰበሩም መለዋወጫ ላይገኝላቸው ይችላል። ልብዎ ለመርዳት ከተነሣ የመጓጓዣውን፣ ማዕከሉ አጠገብ ለማደሪያ የሚወጣውን፣ የባንዴጁንና የካልሲውን ወጪ ይሸፍኑ። ሰዎች ልምምዳቸውን አቋርጠው የሚመለሱት በአብዛኛው ማደሪያ አጥተው ነው።

አሜሪካ ውስጥ እግሩ የተቆረጠ ዘመድ ካለዎት ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ይጠይቁ፣ መብቱ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ አባቱን «እግርህ ይቆረጣል» ብሎ መንገር የልጅ ሸክም አይደለም። አምፒዩቲ ኮአሊሽን የተባለው ድርጅት ደግሞ ሠልጥነው የሚያነጋግሩ፣ ራሳቸው እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችን ያገናኛል።

እዚህም ቢሆን ማዕከሉን «በእኔ ዕድሜ፣ በእኔ ዓይነት የተቆረጠና አሁን የሚራመድ ሰው ታገናኙኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ባለሙያ ሲያስረዳ ያልገባው ነገር እንዲህ ያለ ሰው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሲያሳየው ይገባዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ የሚጠላና የማይተኛ፣ ወይም «ምነው በሞትኩ» የሚል ካለ ግን ጉብኝት ብቻውን አይበቃም፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፣ እስከዚያም ብቻውን አይተዉት።